ውል ከቅዱስ ገብርኤል ጋር

የታክሲ ረዳት ገልብጦ አይቶ የመለሳት፣ ባለ ሱቅ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ «ሌላ የለም?» ያለባት፣ ወገቧ በፕላስተር የተጠገነ አምስት ብር ማረፊያዋ የት እንደሆነ ይታወቃል፤ ሙዳየ ምጽዋት። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አስሩ፣ ሃምሳውና መቶው ሲለወጡ፣ ሁለት መቶውም አዲስ ሲወለድ፣ አምስቷ አሮጌ ልብሷን እንደ ለበሰች ቀረች። እግዚአብሔር ፊት አይቶ አያዳላም የሚለውን እምነታችንን የምንመሰክረው በእሷ ነው። ሁለት መቶው ከኪስ የሚወጣው ስለት ሲኖር ብቻ ነው።

ስለት ላይ ደግሞ ሁላችንም ጠበቃ ነን። «ዲቪ ከደረሰኝ»፣ «ልጄ ካለፈች»፣ «ዕጣው ከወጣልኝ» እያልን አንቀጽ በአንቀጽ እንዋዋላለን። ቅድመ ክፍያ የለም፤ ሥራው ተጠናቆ ርክክብ ሲፈጸም እንጂ። የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለማድረስ እንዳሠሩት ይተረካል። ያኔ የተለመነው ለአገር ነበር። አሁን ታኅሣሥና ሐምሌ በገባ በ19 ያንን ዳገት ከሚወጣው ሕዝብ መካከል አገር የሚለምን አይጠፋም፤ ብዙው ግን የሚለምነው ከአገር የሚያስወጣውን ቪዛ ነው።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገቡ አምስት መቶ ብር ተሳሉ። ያኔ አምስት መቶ ብር፣ ብር ነበር። ዕጣው ሳይደርሳቸው በ2005 እንደገና ተመዘገቡ፤ ስለቱ ግን እንደገና አልተመዘገበም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ «ለመሆኑ ስለትዎን አላሻሻሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ውል ውል ነው» አሉኝ ኮስተር ብለው።

የዘይቱን ዋጋ ግን በነጋታው አሻሽለውት ነበር።

አሥራትም ቢሆን ከሂሳብ ሹም አያመልጥም። ለአንድ ማኪያቶ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳናንገራግር የምንከፍል ሰዎች፣ 10 ከመቶ ለጠየቀ አምላክ ስሌት እናወጣለን። የሚሰላው ከግብር በፊት ነው ወይስ ከግብር በኋላ? ዕቁቡ ተቀናሽ ነው? የትራንስፖርት አበል ደመወዝ ይባላል እንዴ? በሌላው ወገን ደግሞ «ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» የሚል ሰባኪ አለ። እርግጥ ነው፣ መቶ እጥፍ ታጭዷል፤ የመኪናውን ሞዴል አይቶ መመስከር ይቻላል። ዘሪውና አጫጁ አንድ ሰው አለመሆናቸው ግን በስብከቱ አልተጠቀሰም።

ከሁሉም የሚደንቀኝ «ስሜ አይጠራ» ባዩ ነው። በድምፅ ማጉያው «ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ወንድማችን ሃምሳ ሺህ ብር» ሲባል አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ እልልታው ሲቀልጥ ግን ማን እንዳየው ለማወቅ ዙሪያውን በዓይኑ ይቃኛል። ካልታየ በሳምንቱ ማኅበር ላይ ጠላው ሲሞቅ «ያንን ሰውዬ እኔ አውቀዋለሁ» ይላል።

ወንጌሉ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ሲያመሰግን እኛ ደስ የሚለን ለሁለቷ ሳንቲም ማስረጃ ስላገኘን ነው። የቀራት ምንም እንዳልነበረ የሚናገረውን ክፍል ፈጠን ብለን እናልፈዋለን።

ከባለ ሱቁ ፊት ለፊት ጉሊት የሚቸረችሩ እናት አሉ። ሽንኩርታቸው በመደብ ነው፤ ምርቃታቸው ግን አይሰፈርም። ወር በገባ በ19 ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንዲት ጧፍ ይዘው በጠዋት ይሄዳሉ። እንዲህ ሳያቋርጡ የሚሄዱት ከባድ ጉዳይ ቢኖርባቸው ነው ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ምን ተስለው ነው?»

«ምን እሳላለሁ ልጄ? እንዴት ነህ ልለው ነው።»

ይህንን ለባለ ሱቁ ብነግራቸው አላመኑም። ሚዛናቸውን እየወለወሉ ጥቂት አሰቡ። «እንደዚህ የሚሉት ትልቅ ነገር የጠየቁ ናቸው» አሉ። «ምናልባት ቤት ነው። ምናልባትም በእኔ ዙር የተመዘገቡ ናቸው፤ እኔን ቀድመው ይሆናል እኮ!» ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን በጥርጣሬ ያዩአቸዋል። ጧፉን የሚሸጡላቸው ራሳቸው ናቸው፤ በዚህ ወር አምስት ብር ጨምረውባቸዋል።