ሳማ ዘራሁ

ባለፈው ዓመት ስቶክሆልም ውስጥ አንዲት ስዊድናዊት ጎረቤቴ እራት ጠራችኝ። አረንጓዴ ሾርባ አቀረበች። ላዩ ላይ ለሁለት የተከፈለ ቅቅል እንቁላል። «ኔሰልሶፓ» አለችኝ። አንድ ማንኪያ ቀመስኩና ደነገጥኩ። ሳማ ነው!

እኔ የሰሜን ሸዋ ደገኛ ነኝ። ልጅ ሆኜ ጥጋብ ሲሰማኝ እግሬን የምገረፈው በሳማ ነበር። (እዚህ ልጅ መምታት ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። ሳማው ወደ ሾርባ ቢዞር አይገርምም።) ደግሞም በልተነዋል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል እናቴ ለጋ ለጋውን በወፍራም ጨርቅ ይዛ ትቀነጥሳለች። ከፈላ አይለበልብም። በማማሰያ እያሸች የገብስ ዱቄት ትነሰንስበታለች፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል ታደርጋለች። ይጣፍጣል እኮ! ግን የሰው ኮቴ ከተሰማ ድስቱ ቶሎ ይከደናል። «እነ እገሌ ሳማ በሉ» ከመባል ጦም ማደር ይሻላል።

ጎረቤቴ ደግሞ እንግዳ የምትጠራበት ምግብ ነው።

ሳማ እዚህም ሞልቷል። ችግሩ፣ በሰፈራችን ያለው የውሻ መተላለፊያ ላይ ነው። ስለዚህ ዘሩን በፓኬት ገዛሁ። አዎ፣ በገንዘብ! የእኛው ደጋ ሳማ በሳይንስ ስሙ «ሲሜንሲስ» ይባላል፣ ከስሜን ተራራ። ይሄኛው የፈረንጅ ዘመዱ ነው። ዘሩ ጤፍ ያክላል። ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። እርጥብ አፈር ላይ በትኜ በጣቴ ጫን አደረግኩትና በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። በየጠዋቱ ውሃ እረጫለሁ። ሁለት ሳምንት አለፈና አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ አለ። ትንሽ አደግ ሲል ነካሁት። ለበለበኝ። ደስ አለኝ!

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ሳማ ይዘራል እንዴ? ሳማ እኮ ሰው የለቀቀው ፍርስራሽ ላይ ነው የሚበቅለው። በገዛ ቤትህ ላይ ታሟርታለህ?»

እውነቷን ነው። ሳማ ፍግ የጠገበ አፈር ይወዳል፣ ሰውና ከብት የኖረበትን። ይህን ላስረዳት ስሞክር ሳቀች። «ለሰው እንዳትነግር» አለችኝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል ግን አስቆመችኝ።

«እንቁላሉን ለብቻው ነው የምትቀቅለው፣ ከሳማው ጋር?»