አዳኙ ሂሳብ ይዞ አይምጣ

የፉጂኖሚያው ከንቲባ ንግግር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ታሪኩን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጃፓን ውስጥ አንድ ተማሪ መንገዱ በተዘጋበት ወቅት ፉጂ ተራራ ላይ ወጣ። መውረድ ሲያቅተው ደወለ፤ በሄሊኮፕተር አወረዱት። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሶ ወጣ። ለምን? ጥሎት የወረደውን ስልክ ሊፈልግ! በዚህኛው ዙር ሌሎች ተጓዦች ታሞ አገኙት፣ በቃሬዛ ወረደ። ኢንተርኔቱ ሳቀበት። ከተራራው ግርጌ ያለችው የፉጂኖሚያ ከንቲባ ግን አልሳቁም። ከወቅት ውጪ ወጥቶ ለሚቸገር ሰው የነፍስ አድኑን ወጪ ራሱ ይሸፍን ብለው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፋሽን ሆነ። በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ ጣልያን ውስጥ፣ ዶሎማይት ተራሮች ላይ፣ የተዘጋ መንገድ ጥሶ ገባ የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ከ14 ሺህ ዩሮ በላይ ሂሳብ ተላከለት። ያኔም የአስተያየት መስጫው ሁሉ በጭብጨባ ተሞላ። «ይበለው!» «የግብር ከፋይ ገንዘብ ነው!» «ማን ውጣ አለው?»

«ማን ውጣ አለው» የምትለዋን ሳያት ደሜ ይፈላል። እስቲ በዚች እንጀምር።

ማንም ውጣ አላለውም። ባሕር ውስጥ የሚዋኘውንም ማንም ግባ አላለውም። ሞተር ሳይክል የሚነዳውንም፣ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የሚወልቀውንም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ የሚወድቀውንም ማንም አላስገደደውም። ሻማ ሳያጠፋ እንቅልፍ ለወሰደው ሰው የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ፣ ውሃውን ከመርጨቱ በፊት «ለመሆኑ ሻማውን ማን ለኩስ አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተራራ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ዳኛ ይሆናል። ምክንያቱም ሀይኪንግ ቅንጦት ይመስላቸዋል። ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ብለው ያምናሉ። ሌላው ምክንያታቸው ሁሉ ጌጥ ነው።

ደግሞ ጥፋት ሁሌ የተጓዡ ነው ያለው ማን ነው? ያችው ጃፓን ውስጥ ኦንታኬ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2014፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ፈነዳ። የማስጠንቀቂያው ደረጃ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነበር። መንገዱ ክፍት፣ ሰማዩ ጥሩ፣ ወቅቱ የመውጫ ወቅት። 63 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፍተው ቀሩ። ብዙዎቹ ጠዋት ወጥተው ማታ ቤታቸው ሊያድሩ ያሰቡ ነበሩ። የትኛውን ሕግ ጥሰው ነው? ከመሬት በታች ያለ ውሃ በድንገት ተንኖ አለት ሲፈነቅል መሣሪያውም ሳይነግርህ ሊቀድምህ ይችላል። በአፋር በረሃ ያለው ሃይሊ ጉቢም ቢሆን፣ ሰው የመዘገበው ፍንዳታ ሳይኖረው ኖሮ ነው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ብድግ ያለው። እና በእንዲህ ያለ ቦታ «የእጁን አገኘ» ማለት ምን ይሉታል?

እሺ፣ ይህን ለጊዜው እንተወው። የእነሱ ዋና መከራከሪያ ሌላ ነው። «ሂሳብ ካለ ሰው ይጠነቀቃል» ይላሉ። ብልህ ነገር የተናገሩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ይህን የሚል ሰው ጠዋት ጫማውን አስሮ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የአንድ ቀን ተጓዥን ቀን እንየው። ጠዋት ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። እግሩ ትኩስ ነው፣ ውሃው ሙሉ ነው፣ ስልኩ መቶ ፐርሰንት ነው። ድንኳን የለውም፣ የመኝታ ከረጢት የለውም፤ ማታ ቤቱ ነው የሚያድረው። በዚህ ሰዓት «የሄሊኮፕተር ሂሳብ ስንት ነበር?» ብሎ የሚያስብ ሰው በየትኛው ዓለም አለ? የሚወጣ ሰው እንደሚመለስ እርግጠኛ ስለሆነ ነው የሚወጣው። ሞትን የማይፈራ ጠዋት ደረሰኝን ይፈራል?

አሁን ሰዓቱን ወደፊት እናድርገው። ዘጠኝ ሰዓት። ሲወርድ ልል ጠጠር ላይ ረገጠ፣ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ። ተነሣ። ቆመ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ያማል፣ ግን ይረግጣል። ሂሳቡ ትዝ የሚለው እዚህ ጋ ነው! እዚህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቁርጭምጭሚቱ በጫማው ውስጥ ቀስ በቀስ ሲያብጥ እየተሰማው። ልደውል? ቆይ ትንሽ ልሞክር። ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ማን ያውቃል ስንት ሺህ ይሉኛል። ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ።

ቀስ እያለም ይሄዳል። አሥር ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ጫማው አሁን አይወልቅም፤ ቢያወልቀውም መልሶ አያጠልቀውም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጠለቀች። የእጅ ባትሪ አልያዘም፣ ምክንያቱም የቀን ጉዞ ነዋ! የስልኩን መብራት ያበራል። ስልኩ ካርታውም፣ መብራቱም፣ መጥሪያውም እሱ ነው። ሦስቱ ሥራ አንድ ላይ ቻርጁን ይጨርሰዋል። በመጨረሻ ሲደውል ወይ ሦስት ፐርሰንት ቀርቶታል፣ ወይ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ገብቷል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢደውል ሥራው ቀላል ነበር። ቦታው ይታወቃል፣ ብርሃን አለ፣ ሄሊኮፕተርም ካስፈለገ ይታየዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን አሥር ሰው በጨለማ ገደል ለገደል ይፈልገዋል። ከአሥሩ አንዱ ቢንሸራተትስ? ያን ሂሳብ ለማን ትልኩታላችሁ? ገንዘብ ቆጥበው ለግብር ከፋዩ ያሰቡት ሰዎች ትንሹን ሥራ ትልቅ አደረጉት።

ከፍ ያለ ቦታ ሲሆን ደግሞ ብርዱ አለ። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ግርጌው ላይ ቲሸርት ያስለበሰ አየር ጫፉ ላይ ያንቀጠቅጣል። የበረደው ሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ነገር ይምታታበታል። ብርድ መጀመሪያ የሚነካው ማሰቢያውን ነው ማለት ይቻላል። እና ከዚህ ሰው ነው «ወጪና ጥቅሙን አስልቶ» እንዲወስን የሚጠበቀው?

በረሃው ይብሳል። ተራራ መጀመሪያ ያደክምሃል፣ ኋላ ያወርድሃል። እንደ አሜሪካው ግራንድ ካንየን ያለ የበረሃ ሸለቆ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጠዋት በደስታ ትወርዳለህ፣ ዳገቱ የሚጠብቅህ ቀትር ላይ ነው። ወደ ታች በወረድክ ቁጥርም ይሞቃል። የፓርኩ ሠራተኞች ወንዙ ድረስ ወርዳችሁ በዚያው ቀን ለመመለስ አትሞክሩ እያሉ ይለምናሉ። በበጋቸው ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ሸለቆው ውስጥ አትሂዱ ይላሉ። ለምን? የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ አእምሮ ይታወካል። ከዚያ ወዲያ ወሳኙ ነገር ሰውየው በምን ያህል ፍጥነት ቀዘቀዘ የሚለው ነው። ሌላም ተንኮል አለ፤ ላቡ ጨውን ይዞት ሲወጣ ውሃ ብቻ ከልክ በላይ የሚጠጣ ሰው ጨው አጥሮት ይወድቃል። ምልክቱ ሙቀት ከመታው ሰው ጋር ይመሳሰላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት። እሱም «ውሃ ጠማኝ» ብሎ ይጨምርበታል። ሄሊኮፕተሩም ራሱ ሙቀት አይወድም፤ የሞቀ አየር ስስ ነው፣ ክንፉ የሚይዘው ነገር ያንሰዋል። ስለዚህ በረሃ ላይ ቶሎ መደወል የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ መሐል ደግሞ ጃፓን ውስጥ የሳይታማ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ተራሮቹ ላይ እንደሚያደርገው፣ በየአምስት ደቂቃው ሂሳብ የሚቆጥር ሄሊኮፕተር አስቡት። እንደ ታክሲ ቆጣሪ!

የጣልያኑ ግን ከሁሉም ያስቀኛል። ሂሳቡ በተላከበት አካባቢ ደንብ፣ ጉዳት ሳይደርስበት ነፍስ አድን የጠራ ሰው ከተጎዳው የበለጠ ይከፍላል። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጠፍተህ፣ ጉም ወርዶብህ፣ ሳትወድቅ በፊት ብትደውል ዕዳው ያንተ ነው። ጠብቀህ እግርህን ከሰበርክ ቅናሽ አለህ። ይህን የጻፈው ሰው ተጓዡን ምን እያለው እንደሆነ ያውቃል? አስተዋዩን እየቀጣ፣ ግትሩን እየሸለመ ነው።

የፉጂውን ልጅ እናንሳ ካላችሁም እናንሳ። ሁለተኛ መውጣቱ እኔንም አናዶኛል፤ አልደብቅም። ግን በመጀመሪያው ቀን ያደረገው አንድ ትክክለኛ ነገር ምን ነበር? መደወሉ! መውረድ እንደማይችል ሲገባው ደወለ፣ በሕይወት ወረደ። ሁሉም ሰው እንዲያደርገው የምንፈልገው ይህንኑ አይደለም? ከንቲባው ግን ሊያስከፍሉ የፈለጉት ለዚችው ለደወላት ስልክ ነው።

«ስዊዘርላንድስ ታስከፍል የለም?» የሚሉኝ አሉ። ይህን መልስ ያገኙ ጊዜ ደረታቸው ይነፋል። አዎ፣ እዚያ ነፍስ አድን ሂሳብ አለው። ግን እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው ሬጋ የተባለው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት ሚሊዮኖች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የሚደግፉት ነው። ላዋጣ ሰው፣ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን ሊተውለት ይችላል። ገንዘቡ ገና ጤነኛ ሆኖ ቤቱ እያለ የተከፈለ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያሰላው ነገር የለውም። የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሻየርም በቸልተኝነት የተቸገረን ሰው ታስከፍላለች፣ ግን ቀድሞ የሚገዛ ርካሽ ካርድ አውጥታለች። ካርዱን ለያዘ ቸልተኛ ሂሳቡ ይነሣለታል፤ በማን አለብኝነት ለገባው ግን አይሠራም። ይህን ዓይነቱን ማንም ያምጣው፣ እኔም እገዛለሁ። ሌሊት ላይ አድብቶ የሚጠብቀውን ሂሳብ ግን አልቀበልም።

ደግሞ ገመድ ይዘው የሚወጡትን ሰዎች ጠይቋቸው እስቲ። ገደሉን የሚወርዱት እነሱ ናቸው፣ ከንቲባው አይደሉም። የአሜሪካ የተራራ ነፍስ አድን ማኅበር አቋሙ ግልጽ ነው፤ ሰው ለመዳን ብሎ መክፈል የለበትም፣ ሂሳብ መፍራት ጥሪን ያዘገያል ይላል። የብሪታንያ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖችም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ላዳኑት ሰው ሂሳብ አይልኩም። ቃሬዛውን የሚሸከመው ሳያማርር፣ ቢሮ የተቀመጠው ትከሻው ደከመ።

ለመሆኑ ገንዘቡስ ይገኛል? ከሌላ አገር ለመጣ፣ በማግስቱ ለሚበር ቱሪስት ሂሳብ ልኮ ለማስከፈል ጸሐፊ፣ ጠበቃና ቴምብር ያስፈልጋል። የሚከፍለው ጨዋው ነው። ዓይን ያወጣው አድራሻ ቀይሮ ይሄዳል። ግድ የለም፣ ይህ የሂሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ነው።

ከንቲባው መቅጣት ከፈለጉ መንገድ አለ። መንገዱ ተዘግቷል? ሰንሰለት ተዘርግቷል? እንግዲያው ሰንሰለቱን የተሻገረውን ሰው ሰንሰለቱ ጋ ያዙት። ቅጣቱ ለመግባቱ ይሁን። ሳይጎዳ በሰላም የወረደውም እኩል ይቀጣ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ አንድ ነው። አሁን እየተባለ ባለው ግን መቶ ሰው ሰንሰለቱን ዘሎ ዘጠና ዘጠኙ በሰላም ቢወርድ ማንም አይጠይቃቸውም፤ የሚከፍለው የወደቀው አንዱ ነው። ይህ ዕጣ እንጂ ሕግ አይባልም። ሰንሰለቱ ጋ ሰው ለማቆም በጀት የለንም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ያን በግልጽ ይንገሩን፤ የተሰበረ እግር ላይ ደረሰኝ አይለጥፉ።