የልጆቹን ሙዝ የበላው እንግዳችን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግሥት እንግሊዝ አገር ሙዝ ብርቅ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ከደራሲው ከኢቭሊን ዎ ቤት ለልጆቹ ተብሎ ሦስት ሙዝ ገባ። ልጆቹ ሙዝ ቀምሰው አያውቁም። አባት ሆዬ ሦስቱንም ሳህኑ ላይ አድርጎ፣ ክሬም አፍስሶ፣ በራሽን የሚገኘውን ስኳር ነስንሶ፣ ልጆቹ ዓይን ዓይኑን እያዩት ሙልጭ አደረጋቸው። ይህን ያወራብን ጠላቱ እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ልጁ ኦበርን ነው፣ ካደገ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ልጅ ቆሞ ሲያይ እንኳ ሳያጎርሱ መዋጥ ጭንቅ ነው፤ የዚህ ሰውዬ ጉሮሮ ግን ከምን እንደተሠራ እንጃ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ የመጣው። ዕድሜው ገና 27 ነበር። የመጣውም ሆድ ብሶት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ ሚስቱም እንደ እሱ ኢቭሊን ነበር ስሟ፤ ወዳጆቻቸው «ወንዱ ኢቭሊን» እና «ሴቷ ኢቭሊን» እያሉ ይለዩአቸው ነበር። ትዳራቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሴቷ ኢቭሊን ሌላ ወድዳ ሄደች። ወንዱ ካቶሊክ ሆነና ብዙም ሳይቆይ ወደ እኛ መጣ።

በንግሥ ሥርዓቱ ላይ አጠገቡ አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ተቀምጦ ነበር፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሥርዓት ጠንቅቄ አውቃለሁ ባይ። ካህናቱ ማዜም ሲጀምሩ ቅዳሴው መግባቱን በሹክሹክታ ያበሥራል። ቆየት ይልና ተሳስቻለሁ፣ ሌላው ክፍል ነው ይላል። በመጨረሻ፣ እንዲያውም ነገሩ ቅዳሴ አይመስለኝም ብሎ ዐረፈው። ዎ ይህን ሳያዛንፍ ጽፎታል፤ እዚህ ላይ እንኳ ውለታው አለብን፣ ሊቅ ነኝ ባዩን አጋልጦ ሰጥቶናልና። ደብረ ሊባኖስ ወርዶ መነኮሳቱ ማር ቢያቀርቡለት ግን ንብና ቆሻሻ የተቀላቀለበት ነው ብሎ በመጽሐፉ አማው። ያልተጣራ ማር እንዴት እንደሚበላ፣ ወለላውን መጥጦ ሰፈፉን መትፋት፣ የሚያሳየው ሰው አጥቶ ይሆናል። ቢሆንስ? የእንግዳ ወግ ቀምሶ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነው፤ የተሰጠውን ለንደን ወስዶ ማማት አይደለም።

በ1935 የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ ደግሞ የ«ዴይሊ ሜይል» ዘጋቢ ሆኖ ተመለሰ። ልቡ ከሙሶሊኒ ጋር ነበር፤ በመጽሐፉም አልደበቀውም። ይህን በሳቅ የምናልፍለት አይደለም። ደግነቱ በዘጋቢነቱ አልቀናውም። ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ መብት ከመንግሥት ተዋውሎ ዓለም ጉድ ሲል፣ ወሬውን ሌሎች ቀድመው አወጡት። ዎ ከሪኬትዬው ጋር በአንድ መርከብ ነበር የመጣው! ወሬው የወጣ ዕለት ግን ጅጅጋ ሌላ ወሬ እያሳደደ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ሁሉ የሚያስቀኝ የቴሌግራሙ ነገር ነው። አድዋ ላይ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ በቦምብ ሞተች የሚል ወሬ ተነዛና ለንደን ያሉት አለቆቹ የፈነዳችውን ነርስ ስም፣ የሕይወት ታሪክና ፎቶግራፍ ባስቸኳይ ላክ አሉት። ቢጠይቅ፣ ቢያጠያይቅ፣ እንዲህ ያለች ነርስ የለችም። ቴሌግራም በቃል ቁጥር ነው የሚከፈልበት፤ እሱም ቆጥቦ መለሰ፦ «ነርሷ አልፈነዳችም።» ዛሬ «ሰበር» እየተባለ በየስልካችን ለሚፈነዳው ሁሉ እንዲህ ያለ ሁለት ቃል የሚልክ አንድ ሰው ባገኘን!

በ1938 ያሳተመው «ስኩፕ» የተባለው ልብ ወለድ ከዚሁ ጉድ የተቀዳ ነው። የጋዜጣው ባለቤት ቡት የሚባለውን ደራሲ ወደ ጦር ሜዳ ላኩ ሲል፣ አዘጋጆቹ በስም ተሳስተው ስለ አእዋፍና ስለ ገጠር የሚጽፈውን ምስኪን ቡት ይልኩታል። ለገጸ ባሕርዩ መነሻ ሆነ የሚባለው የ22 ዓመቱ ቢል ዲድስ አዲስ አበባ የገባው ሩብ ቶን የሚመዝን ጓዝ አስጭኖ ነው። መጽሐፉ «ኢሽማኤሊያ» በሚላት ልብ ወለድ አገር አስመስሎ እኛንም ይሸነቁጣል፤ ከባዱ ዱላ ግን ያረፈው በባልደረቦቹ ጀርባ ላይ ነው። ለዚህ ነው እየተናደድሁም ቢሆን የማነበው።

ሲሸመግል ባሰበት። በሩ ላይ «ለሥራ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። በ1955 ናንሲ ስፔን የምትባል ጋዜጠኛ አንድ ሎርድ አስከትላ ሳትጠራ ብትመጣ አባረራቸው። ሎርዱ፣ እኔ የመጣሁት ለሥራ አይደለም፣ የጌቶች ምክር ቤት አባል ነኝ ብሎ ተሟገተ አሉ። ቆይታ ጋዜጠኛዋ የወንድሙ የአሌክ መጻሕፍት ከእሱ በብዙ ይበልጥ ይሸጣሉ ብላ ብትጽፍ ፍርድ ቤት ገትሮ 2,000 ፓውንድ አስፈረደባት። ግብዣ ሲሄድ ደግሞ እንደ ቀንድ ያለ የድሮ ዘመን የጆሮ መስሚያ ይዞ ነው፤ ንግግር አድራጊው ሊጀምር ሲነሣ ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ያጋድመዋል። ናንሲ ሚትፎርድ፣ ወዳጁ፣ ክርስቲያን ሆነህ እንዴት እንዲህ ክፉ ትሆናለህ ብትለው፣ ካቶሊክ ባልሆን ኖሮማ የባሰ እሆን ነበር አላት። በ1966 በፋሲካ ዕለት፣ ቅዳሴ አስቀድሶ በተመለሰበት፣ ቤቱ ውስጥ ሞተ።

ጋዜጠኞች ግን ከሞተም በኋላ አልለቀቁትም። በ2016 «ታይም» መጽሔት በኮሌጆች በብዛት የሚነበቡ 100 ሴት ደራስያንን ዘርዝሮ ሲያወጣ ኢቭሊን ዎን አስገባው። አንባቢ ተሳለቀ፣ መጽሔቱም አረመ። ሰውዬው በሕይወት ቢኖር ክሱን አይተውም ነበር፤ ካሳውም ከ2,000 ፓውንድ የሚያንስ አይመስለኝም።