ፍየል ካርታውን የበላችበት ካፒቴን

ጆሹዋ ስሎከም በባለ ሸራ ጀልባ ዓለምን ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ታተመ። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ብቸኝነቱና ድፍረቱ ነው። እኔ ሳነበው ዓይኔ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ከመነሻው ጀምሮ የኖረው ሰው በሰጠው ነገር ነው።

ጀልባዋ ራሷ ስጦታ ናት። በ1892 ስሎከም ሥራ ያጣ ካፒቴን ነበር። ዘመኑ የእንፋሎት መርከብ ሆኗል፤ የሸራ ሰው ፈላጊ የለውም። አንድ ወዳጁ ፌርሄቨን ከመጣህ መርከብ እሰጥሃለሁ፣ ጥገና ግን ትፈልጋለች አለው። ማሳቹሴትስ ድረስ ሄዶ ያገኘው ሜዳ ላይ ተደግፋ የቆመች አሮጌ ጀልባ ነው። ስፕሬይ ትባላለች። ሌላው ቢሆን ተቀለደብኝ ብሎ ይመለስ ነበር። እሱ መጥረቢያውን አነሳ። 13 ወር ለፋባት፤ ለዕቃ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም አወጣ። ሳንቲሟን እንኳ አለመርሳቱ ደስ ይለኛል።

ኤፕሪል 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሳ። አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት አዞረስ ደሴቶች ነጭ አይብና ፕሪም ሰጡት። ባሕር ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠገበና ሆዱን ቆረጠው። የጀልባዋ ክፍል ወለል ላይ ተዘረረ። ማታ ቀና ሲል አንድ ረጅም ሰው መሪውን ይዞ ቆሟል። እኔ የኮሎምበስ ሰው ነኝ፣ ከመርከቦቹ አንዷ የሆነችው የፒንታ መሪ ነኝ አለው፤ አይብ ከፕሪም ጋር ይበላል እንዴ ብሎም ተቆጣው። ሲነጋ ጀልባዋ መንገዷን ሳትስት 90 ማይል ሄዳለች። ትኩሳት ነው በሉ። ስሎከም ግን እንግዳውን ከልቡ ያመሰግነዋል።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያ ሐሳቡ በስዊዝ ቦይ በኩል ቀይ ባሕርን መውረድ ነበር። ጂብራልተር ላይ የእንግሊዝ መኮንኖች ወንበዴ አለ ብለው አስጠነቀቁትና ወደ ምዕራብ ዞረ። ባይዞር ኖሮ ዓድዋ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በምፅዋ ደጃፍ ያልፍ ነበር።

በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ ማጄላን ወሽመጥ ሲደርስ ደግሞ አንድ ኦስትሪያዊ አንድ ከረጢት የምንጣፍ ምስማር ሰጠው። ስሎከም ማታ ማታ ጀልባው ላይ በትኖት ይተኛል። አንድ ሌሊት የአገሩ ሰዎች በባዶ እግራቸው ወጡበት፤ ጩኸታቸው ቀሰቀሰው። ከፊሉ ባሕር ውስጥ ዘለለ። ካፒቴኑ ይሄን እየሳቀ ነው የሚተርከው፤ አንባቢውም አብሮት ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። በዚያው ዘመን ሰፋሪዎች የዚያን ምድር ነባር ሕዝቦች እየገደሉ መሬታቸውን ይነጥቁ ነበር። ሌሊት የመጡት ሰዎች ታሪኩን ቢጽፉት ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ሳሞአ ላይ የደራሲው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ሚስት የሟች ባሏን የባሕር መንገድ መጻሕፍት ሰጠችው። ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ግን ፍየል ሰጡት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ አይደል? ይቺኛዋ የታሰረችበትን ገመድ እየበጣጠሰች የካሪቢያንን ካርታ በላች። የሣር ባርኔጣውንም አልማረችለት። አሴንሽን ደሴት ላይ አውርዷት ተገላገለ። ካሪቢያን የገባው ያለ ካርታ ነው። ፍየሏን በጻፈባቸው ገጾች ላይ ያለው ንዴት ማዕበሉን ሲተርክ እንኳ የለም።

ጁን 27 ቀን 1898 አሜሪካ፣ ኒውፖርት ደረሰ፤ ከ46,000 ማይል በላይ ሄዶ። እዚያ አልቀረም። ጀልባዋን ወደ ፌርሄቨን ወሰዳትና ውኃ ላይ የወረደች ጊዜ ታስራበት የነበረው የዝግባ ግንድ ላይ መልሶ አሰራት። ከዚህ በላይ ወደ ቤቷ ላቀርባት አልቻልኩም ይላል።