የሠራተኛው መዝገብ ሳይጸዳ ስልኩን አታገናኙ

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ ሥራ ወደ ስልክ ገብቷል። የብድር ሠራተኛው የደንበኛውን ፋይል በስልኩ ይከፍታል፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ ታክሲ ውስጥ ሆና ትእዛዝ ትቀበላለች። ስልኩ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከተሰረቀ አብሮ የሚሄደው የድርጅቱ ምስጢር ነው። ስለዚህ ኤምዲኤም የሚባለውን፣ የሠራተኞችን ስልክና ታብሌት ከአንድ ቦታ ለማስተዳደር የሚያስችለውን ሶፍትዌር የሚገዛ ድርጅት ደግ አደረገ እላለሁ። ሻጮቹ ሶፍትዌሩ ከድርጅቱ ዳይሬክተሪ ጋር በቀላሉ እንደሚገናኝ ይናገራሉ። ልክ ናቸው፣ ይገናኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የሚገናኘው መዝገብ ራሱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ዳይሬክተሪ የሠራተኛው ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ኢሜይልና ፓስወርድ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ይህ መዝገብ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ያወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው። ኤምዲኤሙ ከዚያ እያነበበ ማን በየትኛው ግሩፕ እንዳለ ይለያል። የፋይናንስ ግሩፕ አባል ለሆነ ሰው የፋይናንሱን አፕሊኬሽን፣ የቢሮውን ኢሜይልና ዋይፋይ ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ከግሩፑ ሲወጣ ያነሳበታል። መዝገቡ ከተሳሳተ ስህተቱ በቀጥታ ሰዉ ኪስ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

የክሊራንስ ወረቀትን እንመልከት። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ላፕቶፑንና የመሳቢያውን ቁልፍ መመለሱን፣ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ እንደሌለበት፣ የቅርብ አለቃው ሥራውን ማስረከቡን ይፈርሙለታል። የአይቲ ፊርማ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ቦታው ጨርሶ የሌለበት ፎርምም አለ። ሰውየው የሥራ ልምዱን ተቀብሎ ይሄዳል፣ አካውንቱ ግን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ኤምዲኤሙ ይህን አካውንት ከሌላው አይለየውም። ሰውየው አዲስ ስልክ ገዝቶ በድሮው ፓስወርዱ ቢገባ ይመዘግበዋል፣ ኢሜይሉንም ይከፍትለታል። ሶፍትዌሩ የሚያምነው መዝገቡን ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ሰውየው አሁንም ሠራተኛ ነው ይለዋል።

አካውንቱ ከተዘጋ ስልኩ ላይ ያለውም አብሮ የሚጠፋ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ብዙ ናቸው። አካውንት መዝጋት ዳግም መግባትን ይከለክላል እንጂ ስልኩ ላይ የወረደውን ፋይል በራሱ ላያጠፋ ይችላል። ለዚያ ለብቻው ትእዛዝ መላክ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙም የሚፈጸመው ስልኩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው። በሳምንቱ ቢላክ ስልኩ የት እንዳለ፣ ሲሙ ተቀይሮ እንደሆነ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው የአይቲ ፊርማ የክሊራንሱ መጀመሪያ ይሁን የምለው። ሠራተኛው ስልኩን ይዞ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ የድርጅቱ ፋይል ይነሳ፣ መነሳቱም እዚያው ይረጋገጥ።

የኮንትራት ሠራተኛ ጉዳይ ይቀላል፤ ዳይሬክተሪው የአካውንት ማብቂያ ቀን የሚሞላበት ቦታ አለው። የሰው ሀብት ክፍል ግን ውሉን ሰኔ 30 ብሎ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ የሚያውቀው በፈረንጆች ጁላይ 7 ነው። ቀኑን ቀይሮ የሚያስገባው ማን እንደሆነ ካልተወሰነ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ስምም ችግር አለበት። እኛ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጠራለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሰዎች አይጠፉም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፀሐይ የምትባል ሴት ደመወዝ መክፈያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ኢሜይሏ ላይ በሌላ ዓይነት ትጻፋለች። ሁለቱን መዝገቦች በስም ማዛመድ የአንዱን ፋይል ለሌላው መስጠት ሊሆን ይችላል። ማዛመጃው የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ይሁን።

ኤምዲኤሙ ዳይሬክተሪውን ለማንበብ የሚጠቀምበት አካውንት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው፤ የአድሚኑን ፓስወርድ እዚያ ማስገባት ትልቅ አደጋ ነው። ግንኙነቱም በተመሰጠረው በፖርት 636 (ፖርት ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት ባለቁጥር በር ነው) ይሁን እንጂ ፓስወርድ በግልጽ ሊያልፍበት በሚችለው በ389 አይሁን። መዝገባቸውን በኢንተርኔት ከሚሠራው የማይክሮሶፍት ዳይሬክተሪ፣ ከኤንትራ አይዲ ጋር የሚያመሳስሉ ድርጅቶች ደግሞ ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ማመሳሰያው በአንድ ዙር ከ500 በላይ ስረዛ ሲያጋጥመው የሚቆምበት መከላከያ ተሞልቶለት ይመጣል። 300 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ ምንም አይፈይድም። አንድ ባለሙያ የትኛው አካውንት እንደሚመሳሰል የሚወስነውን ማጣሪያ በስህተት ቢቀይርና ሁሉም ቢሰረዙ እንኳ ገደቡ አይነካም፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ይቆማል። ቁጥሩን ለራስ በሚሆን ልክ፣ ለምሳሌ ወደ 10፣ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

የሠራተኛውን መብት በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። እዚህ አገር ብዙው ሰው የሚሠራው በገዛ ስልኩ ነው፤ ቴሌብሩም የልጆቹ ፎቶም እዚያው ነው። አንድሮይድ ከ2014 ጀምሮ ሥራን ከግል የሚለይ የሥራ ፕሮፋይል አለው፤ አይፎንም በ2019 ተመሳሳይ አመዘጋገብ አምጥቷል። በዚህ መንገድ ከተመዘገበ ድርጅቱ የሚያነሳው የራሱን ክፍል ብቻ ነው። የሠራተኛን የግል ስልክ በሙሉ ቁጥጥር መመዝገብ፣ አንድ ቀን ሁሉንም የማጥፋት ሥልጣን ለአይቲ ክፍል መስጠት ነው፤ ይህን ማንም ድርጅት ሊያደርገው አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ድርጅቱ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ በአማርኛ ጽፎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይስጥ።

የግዢው ውል ከመፈረሙ በፊት ሥራ አስኪያጆች የዚህን ወር የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ከዳይሬክተሪው አካውንቶች ጋር ያስተያዩ። ደመወዝ የሌለው ሁሉ ተለይቶ ይውጣ። አንዳንዱ የፕሪንተር ወይም የሰርቨር አካውንት ይሆናል፤ ለእሱ ተጠያቂ ሰው ይጻፍለት። የቀረው ይዘጋ።