ሥራው ነዋ!

የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ለሚያስተዳድሩልን አለቆች ዕድሜ ይስጥልን። ተረኛዋ ነርስ ከንፈሯ አብጦ፣ መነጽሯ ተሰብሮ ቢሮ ስትገባ በሁለት ቃል ይፈውሷታል፦ «ሥራው ነዋ!» የባንክ ገንዘብ ከፋይ በደንበኛ ቢመታ ፖሊስ ይጠራለታል። የነርሷ ቡጢ ግን ከዱቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያዋ ጋር የሚታሰብላት ጥቅማ ጥቅም ነው። (ዱቲው እንኳ ወራት ይዘገያል፤ ቡጢው በሰዓቱ ነው።)

የምርመራ ክፍሉን አቀማመጥ ሳናመሰግን አናልፍም። ነርሷን እንደ ክብር እንግዳ «ከፍ በይ» ብለው ከውስጠኛው ጥግ አስቀምጠዋታል፤ ታካሚው በሩ ሥር፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ። የተቆጣ ሰው ብድግ ሲል መውጫዋን ይዞታል። ሁለቱም እኩል በሩ ጋ እንዲደርሱ ወንበሮቹን በጎን ማዞር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ክብሯ ይነካል። በሩም የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ከውስጥ አንድ ነገር ከተደገፈበት ሊረዳ የመጣው ሁሉ ከውጭ ሲገፋ ይቆያል። ወንበሩ ፕላስቲክ፣ በአንድ እጅ ለመወርወር የሚመች። የመታወቂያዋ ማንጠልጠያ ሲጎተት የሚላቀቅ ዓይነት አይደለም፤ አንገቷ ላይ ካለው የልብ ማዳመጫ ጋር ሁለት ማነቂያ ይሆናል። የድረሱልኝ ደወሉስ? ከታካሚው ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባትሪው መቼ እንዳለቀ የሚያውቅ የለም።

ኖርዌጃውያን ነገር ያበዛሉ። ብሮሴት የምትባል ቅጽ አዘጋጅተው በየፈረቃው ስድስት ነገር ያያሉ፦ ግራ መጋባት፣ ቁጡነት፣ ሁካታ፣ በአፍ ማስፈራራት፣ በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ፤ ድምሩ 3 ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቃት ሊመጣ ይችላል ብለው ይዘጋጃሉ። እኛ ምን ቸገረን፣ ጥበቃው ዱላ አለው። ታካሚው ከምሳ ጀምሮ ሲንጎራደድ፣ ሲጋራ ተከልክሎ ሲጮኽ፣ በሩን ሲደበድብ ውሎ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲማታ «ድንገት ተነሣበት» እንላለን።

ለመያዝ አምስት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ አራቱ ለእጅና ለእግር፣ አምስተኛው ጭንቅላቱን እየጠበቀ ብቻውን የሚያናግረው። እኛ ዘንድ ጥበቃው፣ ጽዳቷና የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ይረባረባሉ፤ ሦስቱም በአንድ አፍ ይጮኹበታል። በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መንበርከክማ ትንፋሽ አሳጥቶ ሊገድል ይችላል፤ ጸጥታው ግን ወዲያው ነው። ከዚያ ሃሎፔሪዶል የሚባል ማረጋጊያ መርፌ 5 ሚሊግራም፣ ለብቻው። መርፌው ጡንቻ እንዳያኮማትር አብሮት የሚሰጠው ፕሮሜታዚን የሚገኘው መድኃኒት ቤቱ ደስ ሲለው ነው። አንገቱ ተጠማዞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ያደረ ሰው በማግሥቱ መርፌ የያዘች ነርስ ሲያይ እጁን ቢሰነዝር፣ አሁንም ሥራው ነዋ።

የጉዳት መዝገብማ አለ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ነርሷ ልትጽፍ ስትል የነርሶች አለቃ ሜትረኗ «ምን ብለሽው ነው?» ትላታለች፤ አስከትሎ የማብራሪያ ደብዳቤ ትጠየቃለች። ስለዚህ በዓመቱ ሪፖርት ጥቃት 0። ለዜሮ ደግሞ በጀት አይያዝም።

ደወል የሚባል ጭራሽ አይሠራም እንዳትሉ። አለቃው ጠረጴዛ ላይ ያለው ይሠራል፤ አንዴ ሲጫኑት ተላላኪው ከነሻዩ ከተፍ ይላል።