የወፍ ፎቶ አንሺው አልጠፋም
"ባህር ዳር ላይ የወፍ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት ጠፋ፣ ፌስቡክ ላይ ማንም አይለጥፍም" ላልከው ወንድሜ፣ ልክ አይደለም። ልጆቹ ቴሌግራም ገብተው ነው እኮ፣ ጠዋት አባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ፔሊካን ያነሳ ልጅ ከሰዓት ግሩፕ ላይ ይለቀዋል፣ በፈረንጆቹ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደሞ ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ስለሚቻል ወፉ ለብቻ ሌንሱ ለብቻ ይወራል። "ቴሌግራም ፎቶ ያበላሻል" የሚባለውም ሁሌ እውነት አይደለም፣ እንደ ፎቶ ስትልከው ነው የሚያሳንሰው፣ እንደ ፋይል ከላክኸው የላባው መስመር ሳይቀር እንዳለ ይደርሳል። ግን አደራ፣ በፋይል ሲሄድ ስልኩ የመዘገበው ሎኬሽን አብሮ ሊሄድ ስለሚችል የወፍ ጎጆ ፎቶ ሎኬሽኑን ሳታጠፋ እንዳትልክ፣ ሰው ሄዶ ወፏን እንዳይረብሻት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ዝግ ግሩፕ ውስጥ የተወራው ጎግል ላይ ስለማይወጣ ጀማሪ ልጅ የሚያስገባው ሰው ካላገኘ አያየውም።